እናትስ ጨዋታ አያምራትም?

በዚህ ገጽ ላይ ብዙውን ጊዜ የምናነሣው ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጓዳ ሥራ፣ ስለ ቤተሰብ ጤንነት፣ እንዲሁም ሠራተኛዋ እናት ከመሥሪያ ቤቷ እስከ ምድጃዋ ድረስ ስለሚገጥማት ድካም ነው። ዛሬ ግን ለየት ያለ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ጉዳዩ ጨዋታ ነው። ያውም የልጆች ሳይሆን የእናቶች፤ ያውም በደረቅ መሬት ላይ ሳይሆን በውቅያኖስ ማዕበል ላይ የሚደረግ ጨዋታ ነው።

«የባሕር በር የሌለን ሰዎች ስለ ማዕበል ምን አገባን?» የምትሉ እንደምትኖሩ እንገምታለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ልጇ ወይም እኅቷ በካሊፎርኒያ፣ በእስራኤል ወይም በሌላ የባሕር ዳር አገር የምትኖር እናት ዛሬ በየሰፈራችን አለች። የወለደች ልጇን ልታርስ ሄዳ፣ የልጅ ልጆቿ ከማዕበል ጋር ሲታገሉ አሸዋው ላይ ተቀምጣ በሥጋት የምትመለከት አያትም አለች። ስለዚህ ስለ ነገሩ ማወቁ አይጎዳም። ከዚህም በላይ ግን የዚህ ጨዋታ ታሪክ ስለ ባሕሩ ብቻ ሳይሆን ስለ እናቲቱም የሚነግረን ቁም ነገር አለው።

ለመሆኑ ጨዋታው ምንድን ነው? በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ቦዲቦርዲንግ» ይባላል። በቴሌቪዥን እንደምናያቸው በረጅም ሰሌዳ ላይ ቆመው ማዕበል እንደሚጋልቡት ሰዎች አይደለም። እዚህ ላይ ተጫዋቿ ቁመቱ ከመሬት እስከ እምብርቷ በሚደርስ አጭርና ቀላል ሰሌዳ ላይ በሆዷ ትተኛለች። የሰሌዳውን ጫፍ በሁለት እጇ ትይዛለች። እንደ ዳክዬ እግር የሰፋ የላስቲክ ጫማ አጥልቃ በእግሯ ትቀዝፋለች። ማዕበሉ ከኋላዋ መጥቶ ሲያነሣት ፊቷን ወደ የብሱ እንዳዞረች እየተንሸራተተች ትመጣለች። ነገሩ ይኸው ነው። ልጆች በዳገት ላይ በካርቶን ተቀምጠው ቁልቁል ሲንሸራተቱ ያየ ሰው የጨዋታውን ጣዕም ለመገመት አይቸገርም። ልዩነቱ ዳገቱ ራሱ የሚንቀሳቀስ መሆኑ ነው።

ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። የፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች ሕዝብ፣ በተለይም የሃዋይ ሰዎች፣ የእንግሊዙ መርከበኛ ጄምስ ኩክ በ1778 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከደሴታቸው ከመድረሱ አስቀድሞ ከእንጨት በተሠሩ ሰሌዳዎች ማዕበል ይጋልቡ ነበር። «ፓይፖ» የሚሉት አጭር ሰሌዳ በሆድ የሚተኙበት ነበር። በዚያ ሕዝብ ዘንድ ማዕበል የወንድ ብቻ አልነበረም። ባላባቱም ተራው ሰውም፣ ወንዱም ሴቷም፣ ትልቁም ትንሹም ይጫወትበት ነበር።

ከሃዋይ ወጥተን ወደ አፍሪካችን ደቡባዊ ጫፍ እንምጣ። በ1922 አንዲት የ31 ዓመት እንግሊዛዊት እናት ከባሏ ጋር ኬፕታውን ደረሰች። ይህች ሴት በወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶቿ በኋላ ዓለም ያወቃት አጋታ ክሪስቲ ናት። ባሏ በ1924 ለንደን ላይ ሊከፈት ለታቀደው የብሪታንያ ግዛቶች ኤግዚቢሽን ቅስቀሳ በዓለም ዙሪያ ከተላከው ቡድን ጋር ነበረ። እርሷም አብራው ተጓዘች። ገና 3 ዓመት ያልሞላት ልጃቸው ሮዛሊንድ እንግሊዝ አገር ከአያቷና ከአክስቷ ጋር ቀረች።

ከኬፕታውን አጠገብ ሙይዘንበርግ የሚባል የባሕር ዳር አለ። አጋታ ክሪስቲ በስስ የእንጨት ሰሌዳ ላይ ተኝታ ማዕበል መጋለብን የተማረችው እዚያ ነው። ጀማሪ ሁሉ እንደሚሆነው እርሷም ብዙ ጊዜ እየተገለበጠች ወደቀች። ግን አልተወችውም። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ሃዋይ ሲደርሱ እንደገና ወደ ማዕበሉ ገባች። እዚያ ያለው ማዕበል ከደቡብ አፍሪካው የከበደ ነበር። የባሕር ውስጥ ድንጋይ እግሯን ቆራረጠው፤ ፀሐይም ቆዳዋን አቃጠለው። እርሷ ግን በሆዷ መተኛቱ አልበቃት ብሎ ሰሌዳው ላይ መቆምንም ተማረች። ከሁለት ዓመት በኋላ ባሳተመችው «ቡናማ ልብስ የለበሰው ሰው» በተባለው ልብ ወለዷ ውስጥ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሙይዘንበርግ ላይ ማዕበል ስትጋልብ እናገኛታለን። ከሞተች በኋላ በ1977 በታተመው የሕይወት ታሪኳም ውስጥ፣ አሮጊት ሆና ያን ደስታ ስታስታውስ የትናንት ያህል ነው። በ31 ዓመቷ ያገኘችው ጨዋታ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ከልቧ አልወጣም ብንል ማጋነን አይሆንም።

«ዕድሜዬ አለፈ» የምትል እናት ካለች ደግሞ አንድ ነገር እንጨምርላት። ታዋቂው የቲያትር ደራሲ ጆርጅ በርናርድ ሾው በዚያው በሙይዘንበርግ ሰሌዳ ይዞ ባሕር ሲገባ ፎቶግራፍ የተነሣው በ1932 ነው። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 75 ዓመት ነበር።

እዚህ ላይ ግን፣ እናቶች ሆይ፣ ታሪኩን በደስታው ብቻ ጨርሰነው ብንሄድ እውነቱን ጎዶሎ እናደርገዋለን። የአጋታ ክሪስቲ ጉዞ 10 ወር ያህል ፈጀ። በታኅሣሥ ወር ወደ ቤቷ ስትመለስ ትንሿ ልጇ እንደ እንግዳ አየቻት፤ የጠየቀችውም አክስቷን ነበር። ያ ደስታ ዋጋ ነበረው ማለት ነው። ዋጋውን በከፊል የከፈለችው ሕፃኗ ናት። በከፊል ደግሞ ልጅቷን አቅፈው የከረሙት አያትና አክስት ናቸው።

ከዚህም የከፋ አለ። በደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎው ሥርዓት እየጠነከረ ሲሄድ ባሕሩ ራሱ በቆዳ ቀለም ተከፋፈለ። በ1953 የወጣው ሕግ የመናፈሻ ወንበር፣ የአውቶቡስ መቀመጫና የባሕር ዳር ሳይቀር ለየዘሩ እንዲለይ ፈቀደ። ሙይዘንበርግን የመሰሉ ምርጥ የባሕር ዳሮች ለነጮች ብቻ ተከለሉ። ጥቁሯ ሴት ወደዚያ አሸዋ መዝለቅ ከተፈቀደላት፣ ብዙውን ጊዜ የነጭ ልጅ ሞግዚት ሆና ነበር። የሰው ልጅ አቅፋ፣ የሰው ፎጣ ጠብቃ፣ ማዕበሉን ከሩቅ አይታ ትመለሳለች። የራሷ ልጅ ደግሞ በሌላ ሰው እጅ ነው። ያ ሕግ የተሻረው በ1990 ነው። እንግዲህ ስለ ጨዋታ ስናወራ «ማን ይጫወታል?» ብቻ ሳይሆን «ያን ጊዜ ልጁን የያዘው ማን ነው?» ብለን መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

ወደ ሰሌዳው ታሪክ እንመለስ። የዛሬው ለስላሳ ሰሌዳ የተወለደው በሃዋይ በ1971 በጁላይ ወር ነው። የወለደው ደግሞ ፋብሪካ ሳይሆን የቤት ዕቃ ነው። ቶም ሞሪ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። የሒሳብ ትምህርት የተማረ፣ በአውሮፕላን ፋብሪካ መሐንዲስነት የሠራ፣ ከበሮም የሚመታ ሰው ነው። ማዕበል ይወዳል፤ ነገር ግን ጥሩ ሰሌዳ በእጁ አልነበረም። ከፕላስቲክ የተሠራ ቀላል ፎም ነበረው። ፎሙን በኤሌክትሪክ ቢላዋ ቆረጠው። ከዚያም የልብስ ካውያ አግሎ፣ ፎሙ እንዳይጣበቅበት በመካከሉ ጋዜጣ አነጠፈና ተኮሰው። በሙቀቱ የፎሙ ገጽ ለስልሶ ውሃ የማያስገባ ሆነ። አንባብያን ሆይ፣ ቢላዋ፣ ካውያና ያነበብነው ጋዜጣ በየቤታችን የሉምን?

ሞሪ ሰሌዳውን ባሕር ውስጥ ሞከረው፤ ሠራለትም። ባለቤቱ ማርሺያም ሞከረችው። ማርሺያ በዚያን ጊዜ የመውለጃዋ ወራት የተቃረበ ነፍሰ ጡር ነበረች። (ይህን የጻፍነው ለታሪክነቱ እንጂ ነፍሰ ጡሮች ማዕበል ውስጥ ይግቡ ለማለት እንዳልሆነ ግልጽ ነው።) ስለዚህም ይህን ለስላሳ ሰሌዳ ከማንም አስቀድመው ከጋለቡት ሰዎች አንዷ ልጅ በሆዷ የያዘች እናት ናት ማለት ነው። ሞሪ ሰሌዳውን «ቡጊ» ብሎ ሰየመው፤ ቡጊ የሙዚቃ ስልት ስም ነው። መጀመሪያ በፖስታ ትእዛዝ በ37 ዶላር ይሸጠው ነበር። ተወዳጅነቱ ስለበዛ ድርጅቱን በ1977 ለሌላ ኩባንያ ሸጠው። ሞሪ በ2021 በ86 ዓመቱ አረፈ።

የዚህ ሰሌዳ ጥቅሙ ምን ነበር ቢባል፣ ባሕሩን ለብዙ ሰው መክፈቱ ነው። የቀድሞው የመቆሚያ ሰሌዳ ረጅም፣ ጠንካራና ውድ ነበር። ሰውን ሲመታ ይጎዳል፤ ሚዛን ጠብቆ ለመቆምም ብዙ ልምምድ ይጠይቃል። ለስላሳው ሰሌዳ ግን ቀላል ስለሆነ እናት በብብቷ ይዛው ትሄዳለች፤ በመጀመሪያው ቀንም ደስታውን ትቀምሳለች። ቀላል ነው ሲባል ግን የልጆች መጫወቻ ብቻ ነው ማለት አይደለም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ፊሊስ ዳሜሮን የተባለች ሴት በሃዋይ ዋይሚያ በሚባለው ሥፍራ ብዙ ወንዶች የሚፈሩትን ታላላቅ ማዕበል በዚህ ሰሌዳ ጋልባለች። በ1990 ደግሞ በሃዋይ ፓይፕላይን በሚባለው የባሕር ዳር የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ተካሄደ።

ከእነዚህ ሴቶች መካከል ለዓምዳችን የምትስማማው የብራዚሏ ኔይማራ ካርቫልዮ ናት። ኤስፒሪቶ ሳንቶ ከሚባለው የብራዚል ክፍለ ሀገር የተገኘችው ይህች ሴት 5 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ልጇ ሉና ሃርድማንም አድጋ በዚሁ ሰሌዳ ተወዳዳሪ ሆነች። እናትና ልጅ በአንድ ውድድር፣ በአንድ ባሕር ተሰለፉ። እስቲ ሦስቱን እናቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የ1922ቷ እናት ልጇን ትታ ሄደች። የ1971ዷ በማኅፀኗ ይዛ ገባች። የብራዚሏ ደግሞ ልጇን አስከትላ ገባች። ጨዋታና እናትነት የግድ መጣላት እንደሌለባቸው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

አሁን ስለ ማዕበሉ ራሱ ጥቂት እንበል። ማዕበል ሲባል ውሃው ከሩቅ እየተጓዘ የሚመጣ ይመስለናል። አይደለም። የሚጓዘው ኃይሉ ነው። ሁለት ልጆች ረጅም ገመድ ይዘው ሲያርገበግቡት ገመዱ ከእጃቸው ሳይወጣ እጥፋቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ባሕሩም እንደዚሁ ነው። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ ውሃውን ይገፋዋል፤ ኃይሉም ከውሃ ወደ ውሃ እየተላለፈ የባሕር ዳር ይደርሳል። ጥልቀቱ እየቀነሰ ሲሄድ የማዕበሉ ግርጌ ከወለሉ ጋር እየተጋጨ ይዘገያል፤ አናቱ ግን ይቀድማል። በመጨረሻም ይደፋና አረፋ ሆኖ ይሰበራል። ባጠቃላይ ሲታይ 1 ሜትር ከፍታ ያለው ማዕበል የሚሰበረው የውሃው ጥልቀት 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ነው።

ምጽዋንና አሰብን የምታውቁ አንባብያን «ታዲያ እኛ ቀይ ባሕር ላይ ይህን ጨዋታ ለምን አላየንም?» ትሉ ይሆናል። ምክንያቱ ይኸው ነው። ቀይ ባሕር ጠባብና በየብስ የታጠረ ስለሆነ፣ ነፋሱ ታላቅ ማዕበል ለማሳደግ የሚበቃ ሰፊ ሜዳ አያገኝም። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ባሕርም እንደዚሁ የተከለለ ነው። ታላቁ ማዕበል የሚገኘው ክፍት ውቅያኖስ ባለበት ነው።

እንግዲህ ባሕር ዳር የመሄድ ዕድል ለሚገጥማችሁ፣ ወይም እዚያ ለሚኖሩ ልጆቻችሁ በስልክ ምክር ለምትሰጡ እናቶች፣ ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ነጥቦች ልብ በሉ።

በመጀመሪያ፣ ሰሌዳ የዋና ችሎታን አይተካም። ገመዱ ከእጅ ሊፈታ፣ ሰሌዳውም ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ በዋና ገንዳ ውስጥ ዋና መማር ግዴታ ነው።

ሁለተኛ፣ የነፍስ አድን ሠራተኞች ባሉበት ሥፍራ ብቻ መግባት ነው። በብዙ አገር ቀይና ቢጫ ባንዲራዎች የተተከሉበት መካከል ጥበቃ የሚደረግበት ሥፍራ ነው። ቀይ ባንዲራ ብቻውን ሲውለበለብ ግን አደጋ አለ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ አባቶቻችን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ማዕበሉ ወደ የብስ የገፋው ውሃ በአንዳንድ ቦታ ተሰብስቦ እንደ ጅረት ወደ ባሕሩ ይመለሳል። ሞኙ ዋናተኛ ማዕበል የሌለበት ጸጥ ያለ ቦታ ያገኘ መስሎት እዚያ ይገባል፤ ጅረቱም ይዞት ይሄዳል። እንዲህ ሲሆን ከጅረቱ ጋር ፊት ለፊት መታገል ያደክማል፤ የሚገድለውም ድካሙ ነው። መፍትሔው ሳይደናገጡ ሰሌዳውን አጥብቆ ይዞ መንሳፈፍ፣ እጅን አንሥቶ እርዳታ መጥራት፣ ከቻሉም ከባሕሩ ዳር ጋር ጎን ለጎን እየዋኙ ከጅረቱ መውጣት ነው። ጅረቱ ጠባብ ስለሆነ ወደ ጎን መውጣቱ ይቀላል።

አራተኛ፣ ለጀማሪ ወገብ ድረስ የሚደርስ ውሃ ይበቃል። ትንንሾቹንና ቀድመው ተሰብረው አረፋ ሆነው የሚመጡትን ማዕበሎች መምረጥ ነው። ጀርባን ለባሕሩ ሰጥቶ ማዕበሉን ረስቶ መቆም አይገባም። በራስ ቀድሞ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ መወርወርም የአንገት አጥንት ይሰብራል። ትንንሽ ልጆች ደግሞ ሁልጊዜ እጅ በሚደርስበት ርቀት ውስጥ ይሁኑ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ዋናው ነጥባችን እንመለስ። ብዙዎቻችን ባሕር ላናይ እንችላለን። ነገር ግን የ31 ዓመቷ እናት በሙይዘንበርግ ያገኘችው ነገር በመሠረቱ ባሕሩ ብቻ አልነበረም። ለጥቂት ሰዓት የማንም ሚስት፣ የማንም እናት፣ የማንም ሠራተኛ ሳትሆን ሰውነቷ የራሷ ሆኖ መዋሉ ነው። ሳትቸኩል መውደቅ፣ ሳታፍር መሳቅ፣ ደግሞ መነሣት። በአገራችን ሴት ልጅ ሰኞና ማክሰኞ የምትዘለው፣ ገመድ የምትዘለው፣ ገና ሕፃን ሳለች ነው። ጡት ማጎጥጎጥ ስትጀምር «አሁንማ አድገሻል» ተብላ ጨዋታው ይነጠቃል። ከዚያ በኋላ ሰውነቷ የሚታወሰው ሲሠራ፣ ሲወልድና ሲታመም ብቻ ነው። ለምንድን ነው?

መልሱ ከጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። ጊዜ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም። አንዷ ሴት ስትጫወት ሌላዋ ሴት ልጁን የምትይዝ ከሆነ፣ ድካሙ ከትከሻ ወደ ትከሻ ተላለፈ እንጂ አልቀለለም። ልጁን የምትይዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ አያቲቱ ወይም ከገጠር የመጣች ለጋ የቤት ሠራተኛ ናት፤ እርሷም ጨዋታ ያምራታል። ስለዚህ ሸክሙን መካፈል ያለበት አባትየው ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ልጆቹን አጥቦ፣ አብልቶ፣ አጫውቶ ቢቆይ ወንድነቱ አይቀንስም። ወንዶች ልጆቻችሁንም ሰሐን ማጠብን ካሁኑ ብታስተምሯቸው የነገዋ ምራታችሁ ታመሰግናችኋለች።

በዚያች ሁለት ሰዓት ውስጥ ምን ይሠራበታል? ዋና ገንዳ በአቅራቢያ ካለ ዋና መማር ይቻላል። በ40 ዓመትም ቢሆን ሰውነት መንሳፈፍን ይማራል። ገንዳ ከሌለ ኳስ አለ፣ ገመድ አለ፣ ከጎረቤት ጋር የጠዋት እርምጃ አለ። ዋናው ነገር ለጥቅም ብቻ ያልሆነ፣ «ደስ ስለሚለኝ ነው» ተብሎ የሚሠራ አንድ ነገር ማግኘት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያገኝ ሰው በየትኛው ዕድሜ እንደሚያገኘው አያውቅም፤ ካገኘው በኋላ ግን ዕድሜውን ሙሉ አይለየውም።

ሴት ልጃችሁም እናቷ ስትሠራ ብቻ ሳይሆን ስትስቅም አይታ ትደግ።